በፈተና አዳራሽ ውስጥ «ግፊ!» ስላልኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለምክትሎችዎ፣ ለአማካሪዎችዎ፣ እንዲሁም ስልክ ሲጮህ እየሰማ ባለማንሳት ጽናቱን ላስመሰከረው የመረጃ ክፍልዎ በሙሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? የደም ግፊትዎስ? ለወግ ያህል የጠየቅሁ እንዳይመስልዎ፤ በሙያዬ አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ የሰውን ጤና ሳልጠይቅ ወሬ መጀመር አይሆንልኝም። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ የአንድ ዓመት እገዳ ከጣለብኝ ወዲህማ እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ ተርፎኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ማንነቴን ላስረዳ። አሥራ ሰባት ዓመት አዋልጃለሁ። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት የሆስፒታላችን የማዋለጃ ክፍል ተወካይ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ተወካይ ማለት ምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ዋናዋ ኃላፊ በጡረታ ከተሸኙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ በየወረቀቱ ግርጌ «ስለ ኃላፊዋ» ብዬ እፈርማለሁ። የሌለች ሴት ስወክል ጸጉሬ ሸበተ ማለት ነው። ዘንድሮ የሆስፒታሉ አስተዳደር ክፍሉ እውነተኛ ኃላፊ ይኑረው ብሎ ወሰነና፣ የሚሾመው ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወይም ቢያንስ ለመማር የተመዘገበ መሆን አለበት የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ ቢሮው ጠርቶ «ሲስተር፣ ቦታው ያንቺ ነው። ያቺን የመግቢያ ፈተና ብቻ ድፍን አድርገሻት ነይ» አለኝ። ከተማርኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ዕድሜዬም አርባ አራት ነው፤ ግን ቦታውን ፈለግሁት። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ በጣም ፈለግሁት። በራሴ ስም መፈረም አማረኝ።

ስለዚህ አራት ወር አጠናሁ። በእነዚህ አራት ወራትና በፈተናው ዕለት ጽሕፈት ቤትዎ ለዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አስፍሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መርፌው። ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመው የመለማመጃ መጽሐፍ ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ የቃላት ዝምድና የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ላይ «ብዕር ለጸሐፊ እንደሆነ ሁሉ መርፌ ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። ምርጫዎቹ ሀ. ለልብስ ሰፊ፣ ለ. ለነርስ፣ ሐ. ለክር፣ መ. ለእሾህ የሚሉ ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው የተተከለው የቤታችን የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጥያቄ እንዲያነብልኝ ተስማምተን ነበር። ይህችን ጥያቄ ሲያነብ ፊቱ በራ። «መርፌማ የኔ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ምን ሲደረግ አልኩ። እሱ በመርፌ ቢወጋ የሚድን ጨርቅ ነው፣ እኔ ስወጋ ግን ሰው ይድናል አልኩት። «እኔ ስወጋ ሰው ይለብሳል። ለመሆኑ ራቁቱን የዳነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አዋላጅ መሆኔን ረስቶት ነው። በቀን አራት አምስት አያለሁ።

ነገሩ እየከረረ ሄዶ እራት ላይ ደረሰ፤ ከእራት ተርፎ ለቁርስ አደረ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን በዘመድ ተጣልተናል፣ በቤት ዕቃ ተጣልተናል፤ በመርፌ ስንጣላ ግን የመጀመሪያችን ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ከምንጠራ የመጽሐፉን የመልስ ገጽ እንይ ተባባልንና ከፈትነው። መልሱ «መ. ለእሾህ» ይላል። ባለቤቴ መጽሐፉን ከደነው። እነሆ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለታችንንም እኩል በማሳፈር ለቤታችን ሰላም አወረደ፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ታላቅ እህቴ። እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ፈተናው ግማሹ ሒሳብ መሆኑን ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እኔ ቤት እንድትገኚ። ደቂቃ ብታሳልፊ በሩን አልከፍትም» አለችኝ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ደብተሬን ይዤ እየሮጥኩ ከማዕድ ቤቷ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥኩ። እህቴ ማስመሪያዋን አልጣለችም። ክፍልፋይ በተሳሳትኩ ቁጥር ጠረጴዛውን ጧ ታደርገዋለች፤ የሚመታው ጠረጴዛው ይሁን እንጂ የሚያመው እኔን ነው። መቶኛ፣ ምጣኔ፣ ገንዳ የሚሞላ ቧንቧ፣ በተለያየ ፍጥነት ተነስተው አንድ ቦታ ላይ ካልተገናኘን የሚሉ ሁለት ባቡሮች፤ ሁሉንም ሠራን። ችግሩ የኛ መልስ ከመጽሐፉ መልስ ጋር አለመገናኘቱ ነው። ባቡሮቹ እንኳ ተገናኙ፣ እኛ ግን አልተገናኘንም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ተባለ። ከዚያ እህቴ ራሷ እየሠራች ማየት ጀመረች፤ የሷም መልስ አልገጥም አለ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንግዲያው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳሳስት ነው የኖርኩት ማለት ነው?» አለች። ተማሪዎቿን አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር። መድኃኒት ቤት የከፈተችው፣ ባንክ የገባው፣ መሐንዲስ ሆኖ የወንዙን ድልድይ የሠራው። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቀዝቀዝ አለች። ክቡር ሆይ፣ የማጋንን እንዳይመስልዎ፤ እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ቀን ሙሉ በድልድዩ መሻገር ትታ በታች በኩል ዞራ ወደ ገበያ ትሄድ ነበር። «ያንን ልጅ መደመር ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ትላለች።

በዘጠነኛው ቀን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ክንዴን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ጎተተችኝ። ነገሩን አግኝታዋለች። በመልሱ ገጽ ላይ የአርባኛው ጥያቄ መልስ ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ በዚህም ምክንያት ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች በሙሉ፣ እስከ ሦስት መቶ ሃያኛው ድረስ፣ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርደዋል። የአርባ አንድ መልስ አርባ ሁለት ላይ፣ የአርባ ሁለት መልስ አርባ ሦስት ላይ ተቀምጧል። እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ «ነይ ድልድዩን እንሻገር» አለችኝና ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻግረን፣ ማዶ ምንም ጉዳይ ስላልነበረን ተመልሰን መጣን።

ስህተቱን ለሌሎች ተፈታኞች እንድታሳውቁ ብዬ ወደ መረጃ ክፍልዎ ደወልኩ። በአሥራ አንደኛው ሙከራ አንድ ትሁት ወጣት አነሳና «እርማቱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል» አለኝ። የሚቀጥለው እትም መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው «ይኼኛው ተሸጦ ሲያልቅ ነዋ» አለኝ። የሰውን ልጅ ትዕግሥት በዚህ መንገድ መመዘን የፈተናው አንድ ክፍል መሆኑን አስቀድሞ ቢነገረን መልካም ነበር። (የመርፌውም መልስ ሲታረም «ሀ» ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ገጹን ቆርጦ ከስፌት መኪናው በላይ ለጥፎታል፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «በጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ነው» እያለ ያሳያል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው የለኝም፤ ሆድ ይፍጀው።)

ሦስተኛ፣ ስለ አእዋፉ። የንባብ ክፍሉን ለመለማመድ ጊዜ ያገኘሁት ሥራ ቦታ ብቻ ነበር። ምጥ እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ አብዛኛው ጥበቃ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጧ ገና በሩቁ እየመጣ እየሄደ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። በኪሴ ያለውን መጽሐፍ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «በናትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ፣ ሐሳቤን ይሰርቅልኛል» አለችኝ። ገጽ አንድ መቶ ሦስትን፣ ስለሚሰደዱ አእዋፍ የሚያወራውን፣ አነበብኩላት። ጥሩ አድማጭ ነበረች፤ ምጡ ሲመጣ አቆማለሁ፣ ሲሄድ «እሺ፣ ወፎቹ የት ደረሱ?» ትለኛለች። እንዲህ እያልን ጨርሰን ጥያቄዎቹ ላይ ደረስንና «የጸሐፊው ዋና ዓላማ ምንድን ነው?» ብዬ ሳነብ አንድ ኃይለኛ ምጥ መጣባት። የአልጋውን ብረት ጨብጣ «እኛን ማሰቃየት ነዋ!» ብላ ጮኸች። ይህ መልስ ከአራቱ ምርጫዎች መካከል አልነበረም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ካጠናሁ በኋላ ግን ከሁሉም የተሻለው መልስ እሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አራተኛውን ምስጋናዬን እህቴ ረቂቁን ስታይ «ይኼማ ያስከስስሻል» ብላ ስላስወጣችው ቁጥሩን ብቻ ትቼልዎታለሁ፤ በፈቀዱት ይሙሉት።

አምስተኛ፣ ስለ ጣቶቼ። በፈተናው ዕለት ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከበሩ ደረስኩ። ተፈታኝ ማንነቱን በጣት አሻራ እንዲያረጋግጥ የተተከለው መሣሪያ ግን እኔን አላወቀኝም። አውራ ጣቴን ሰጠሁት፣ እምቢ አለ፤ ሌባ ጣቴን ሰጠሁት፣ እምቢ አለ፤ አሥሩንም አዳረስኩ። አሥራ ሰባት ዓመት በቀን ሠላሳ ጊዜ በሳሙናና በአልኮል የታጠበ ጣት አሻራ አይተርፈውም። መዝጋቢዋ ልጅ አዝና «እትዬ፣ መሣሪያው ሰው አይደለችም እያለ ነው» አለችኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶ እኔን ይመስላል፣ ስሙ የኔ ነው፣ እኔም እዚያው ቆሜያለሁ፤ ቢሆንም ሰው መሆኔን የሚያረጋግጡ ሁለት ምስክሮች እስኪፈርሙልኝ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። አንደኛው ምስክር የቅጥሩ ጥበቃ ነው። ሁለተኛዋ ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች፣ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት።

እዚህ ላይ ስለዚህች ሴት ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ጽሕፈት ቤትዎ በደብዳቤው «ሌላዋ ተፈታኝ» እያለ ብቻ ነው የሚጠራት። መሬት ቀያሽ ናት። በፀሐይ ሦስት እግር ያለውን መሣሪያዋን ተሸክማ ስትዞር የኖረች፣ ረጋ ያለች፣ ለሁለተኛ ልጇ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል የተባለች ሴት። ወገቧን ይዛ ስትቆም አይቼ እንዴት ነሽ አልኳት። «የመኪና መቀመጫ ነው፣ ወገቤን ያዘኝ» አለችኝ። ወንበር እስኪያመጡላት ድረስ አልተንቀሳቀስኩም፤ ግን ክቡር ሆይ፣ አመንኳት። እሷም ራሷን አሳምናለች። ይህ ፈተና ካመለጠ የሚቀጥለው ለዓመት ነው፣ ስለዚህ ወገብ ነው ብላ ወሰነች። ለዚህ ውሳኔዋ የፈተናዎን ድግግሞሽ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፣ ስለዚያው ጉዳይ። የኔ መቀመጫ ቁጥር ስልሳ አራት፣ የቀያሿ ስልሳ አምስት ነበር። የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ከ«ጭጭ!» በቀር ሌላ ቃል ሲወጣቸው ስላልሰማን ተፈታኞች «አቶ ጭጭ» ብለናቸዋል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ እየሠራሁ ነበር። እህቴ እንዳስተማረችኝ ቀላሉን አስቀድሜ፣ ከባዱን ምልክት አድርጌ እያለፍኩ፣ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ጥያቄው ስለ ባቡር ነበር፤ አወቅሁት፤ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ከጎኔ ትንፋሽ ሰማሁ። ረጅም፣ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ። ይህን ትንፋሽ እንደ ልጄ ድምፅ አውቀዋለሁ። አንዴ ቢሆን ጭንቀት ነው ብዬ ባለፍኩ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ደግሞ መጣ፤ አራት ደቂቃ። ደግሞ መጣ፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ቀያሿ እርሳሷን አልጣለችም፤ ላብ በአንገቷ እየወረደ መልስ ታጠቁራለች። እጄን አነሳሁ። አቶ ጭጭ ከሩቅ «ጭጭ!» አሉኝ። ምንም አልተናገርኩም እኮ አልኳቸው። «እሱም ንግግር ነው» አሉ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልድ ትቼ አንድ ነገር ልናገር። ከዚያ ወንበር ብነሳ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ደንቡን አንብቤዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ። አራት ወር፣ እህቴ፣ ባለቤቴ፣ በስሜ የምፈርምበት ወረቀት፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ዞረ። ሰከንድ ያህል፣ ሌላ ሰው ቢነሳስ ብዬ አዳራሹን ቃኘሁ። ያቺን ሰከንድ እስከ ዛሬ አፍርባታለሁ። ከዚያ የቀያሿ ወንበር ሥር እርጥበት አየሁ፣ እሷም ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ወገብ አይደለም» አለችኝ። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

በሩ ድረስ መሄድ አልቻለችም። ቅርብ የነበረው ከመድረኩ ጀርባ ያለው የመልስ ወረቀት ማስቀመጫ ክፍል ነው። አቶ ጭጭ በሩ ላይ ቆመው እዚያ መግባት ክልክል መሆኑን ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ፣ በሕይወቴ ለአለቃ ሰው ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ተናገርኩ። «ጭጭ ይበሉ!» አልኳቸው። «ይልቅ አምቡላንስ ይጥሩ፣ የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና፣ ያንን የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ያምጡልኝ።» ሰውዬው፣ ይመስገኑ፣ ሮጡ። ስልኩን ደወሉ፣ ውሃውን አመጡ፣ ከመድረኩ ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ነጭ ልብስ ገፈው አመጡ፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቀያሿ እጃቸውን ስትጨብጣቸው ሳያስለቅቁ ቆሙ። በኋላ ጣታቸው አብጦ አይቻለሁ፤ በረዶ አስይዣቸዋለሁ።

ሁለተኛ ልጅ ፈጣን ነው። አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ወዲያው አለቀሰች። ደህና ድምፅ ነበራት። ወደ እናቷ ደረት አስጠጋኋት፣ በጠረጴዛው ልብስ ሸፈንኳቸው። በአዳራሹ ውስጥ መቶ ሃያ ሰው እርሳሱን ጥሎ አጨበጨበ። አቶ ጭጭ ሁሉንም ጭጭ ሊያሰኙ አፋቸውን ከፈቱና ድምፅ አልወጣላቸው አለ፤ ዓይናቸውን ጠራርገው ለሰዉ አራት ደቂቃ ጨመሩለት። ለኛ ለሁለታችን የተጨመረልን ዓመት ነው።

የውሳኔው ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። አራት ጥፋቶች ተዘርዝረውበታል፤ ሁሉንም በአክብሮት አንብቤያለሁ። ያለ ፈቃድ ከመቀመጫ መነሳት ለሚለው፣ ተነስቻለሁ። «ለጎን ተፈታኝ እርዳታ መስጠትና በከፍተኛ ድምፅ ‹ግፊ! ግፊ! ጎበዝ!› እያሉ ማነሳሳት» ለሚለው፣ ቃሉ አንድም አልተዛባም፤ ረድቻታለሁ፣ ሆኖም መልሱን ያገኘችው ራሷ ስለሆነች ውጤቱ ለሷ እንዲያዝላት እለምናለሁ። «የጽሕፈት ቤቱን የጠረጴዛ ልብስ ከዓላማው ውጭ ማዋል» ለሚለው፣ አጥበን፣ ባለቤቴ ዳሩን ዘምዝሞ በተሻለ ሁኔታ መልሰናል። አራተኛው «ያልተመዘገበና መታወቂያ የሌለው ግለሰብ ወደ ፈተናው ክልል እንዲገባ ምክንያት መሆን» ይላል። ይህን በተመለከተ ለጥበቃ ሠራተኞችዎ ልመሰክርላቸው ይገባል፤ ሰዎቹ አንዳች ጉድለት አልፈጸሙም፤ ግለሰቧ በእርስዎ በር አልገባችም።

ይግባኝ ለማለት መስኮት ቁጥር ሦስት ሄጄ ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ ላይ ለምክንያት አራት ሳጥኖች አሉ፤ ሕመም፣ የቅርብ ዘመድ ሞት፣ የመኪና አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ። የመስኮቷ ሠራተኛ አንዱን ምረጪ አለችኝ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፣ እንዲያውም በቁጥር አንድ ጨምረናል አልኳት። «እሱ ሳጥን የለውም» አለችኝ፤ በቅንነት ነው። ተፈጥሮ ያለበት አንድ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻውን ምልክት አደረግሁ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ እገዳው እስኪያበቃ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ክልል እንዳልገባ ከሚያዝ ማሳሰቢያ ጋር መልስ መጣ፤ በተጠቀሰው ዕለት በአካባቢው ጎርፍም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አለመድረሱ ስለተረጋገጠ ይግባኙ ውድቅ ሆኗል።

የሆስፒታሉም ነገር እንዳሰብኩት አልሆነም። ቀነ ገደቡ አለፈ፣ አዲሱ ኃላፊ ባለፈው ሰኞ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ በመጋዘን አስተዳደር ነው። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ ዓይኔን ማየት አቅቶት ግድግዳውን እያየ «ሲስተር፣ ለሦስት ወር አንቺ አለማምጂው» አለኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለውን ተረት ሰምቼው ነበር፤ እናት ለመጋዘን ኃላፊ ምጥ ስታስተምር ግን ራሴ አየሁ። በዚያ ቀን አንሶላ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አልቅሻለሁ፤ ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ መዝገቡ እንዳይጎድል ነው። አዲሱ ኃላፊ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። የመጀመሪያዋን ወላድ ባየ ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ስኳር ውሃ አጠጣሁት። በነጋታው መጥቶ «ሲስተር፣ እኔ እዚህ ምን እየሠራሁ ነው?» አለኝ። እኔም በፈተና ከሚወጡት ሁሉ የሚሻል ጥያቄ መሆኑን ነገርኩት።

ቀያሿም እንደኔው ታግዳለች። ሕፃኗ አርባ ቀን ሲሞላት እናትየዋን ወደ እህቴ ቤት ይዣት ሄድኩ፤ አሁን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁለታችንም እዚያ እንገኛለን። በጂኦሜትሪ ከእህቴ ጋር እኩል ትከራከራለች፣ ይህም እህቴን ዕድሜዋን ቀንሶላታል። ማስመሪያው ጧ ሲል ሕፃኗ እንዳትደነግጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለታችንም እንመዘገባለን፤ ሁለታችንም እናልፋለን፤ ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰዱልኝ።

ስለዚህ እገዳው ይነሳልኝ ብዬ ክቡርነትዎን አላስቸግርም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቅጹ ላይ፣ ከሞቱና ከአደጋው አጠገብ፣ ቦታ ከተገኘ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትጨመርልን። «ልደት» ተብሎ ይጻፍባት። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከሞት የማያንስ ጉዳይ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያስፈልገው ይሆናል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እሰናበታለሁ።

ስለ ማንም ሳይሆን ስለ ራሷ የፈረመች፣
የታገደች አዋላጅ፣ የመቀመጫ ቁጥር ስልሳ አራት

ከፊርማ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳሽግ ከጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ተደወለልኝ። ውሳኔው የተሻሻለ መሰለኝ። አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ውሳኔዬን በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ መሆኗን፣ ሰባተኛ ወሯን መያዟን፣ አለቃዋ ለክትትል ፈቃድ አልሰጥ እንዳላት ነገረችኝና፣ ቅዳሜ እሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሠራለሁ፣ ነይ አልኳት። ማን እንደሆነች ለማጣራት አይድከሙ፤ ስሟን አልነግርዎትም። ፈቃዱን ግን ቢሰጧት ይሻላል። አለበለዚያ ቀኗ ሲደርስ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ክልል እንዳልገባ ታግጃለሁ።